ኅዳር 12 በቁልቋል በር
በ1934 ዓ.ም. በጎንደር ዙሪያ ስለተዋጉትና ስለወደቁት ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



በጣሊያን አገር ካራቢኜሪ የሚባለው የጸጥታ ሠራዊት በየዓመቱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን፣ በዓል ያከብራል። ዕለቱ የሠራዊቱ ጠባቂ ተብላ የተሰየመችው የእመቤታችን መታሰቢያ ነው። የሞቱ ባልደረቦች ልጆችም ቀናቸው ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን እኛን ይመለከታል። በዚያ ቀን የሚዘከረው ውጊያ የተካሄደው ከዚህ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቋል በር ላይ ነው። ዓመቱ በእነሱ 1941፣ በእኛ 1934 ነበር። ቀኑም በእኛ ኅዳር 12፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው።

እዚያ የተሸነፉት እነሱ ናቸው። የተሸነፈው ወገን ቀኑን ቆርጦ፣ የወደቁትን በስም ጠርቶ፣ ለሠራዊቱ ሰንደቅ ዓላማ የወርቅ ሜዳይ ሰጥቶ ይኸው ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው። ያንን ምሽግ ለመስበር ተራራውን የወጡት የእኛ ሰዎች ግን ቀን አልተቆረጠላቸውም። ኅዳር 12ን የምናውቃት በንግሡ ነው፤ ጎንደር ነጻ የወጣችበት ኅዳር 18 ደግሞ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን መጥቶ ይሄዳል። ጣሊያን ሙታኑን ስላሰበ አልወቅሰውም፤ ሙታኑን ማሰብ ደግ ሥራ ነው። የምወቅሰው የእኛን ዝምታ ነው፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ስለዚያ ዝምታ ልናገር ነው።

የድል በዓላችን ሚያዝያ 27 ነው። በ1933 ዓ.ም. በዚያ ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ፤ ጠላት ዋና ከተማዋን ከያዘ ልክ አምስት ዓመቱ ነበር። በዓሉ ይገባዋል። ነገር ግን አዲስ አበባ እልል ስትል በፋሲል ግቢ የተቀመጠው የጣሊያን ጦር አዛዥ ነበር። ጎንደር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ አንድ ወር ቀድማ ተያዘች። ነጻ የወጣችው ከድሉ በዓል በኋላ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቀድማ ተይዛ በመጨረሻ ተለቀቀች። በግንቦት የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ፤ በሰኔ ጅማ ተያዘች፤ በዚያው ወር መጨረሻ ደብረ ታቦር ያለው የጣሊያን ጦር መሣሪያውን አስረከበ። የቀረው ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ነበር። ጎንደርን መሐል አድርጎ ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ፣ በየበሩ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ።

የናሲ ሐሳብ ቀላል ነበር። ክረምቱ ይጠብቀዋል፤ ተራራው ይጠብቀዋል። ወደ ጎንደር የሚያስገባው መንገድ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱም በገደል በኩል ያልፋል። ከአስመራ የሚመጣውን የሊማሊሞን መንገድ ወልቀፊት ዘጋው። ከደሴና ከደብረ ታቦር የሚመጣውን ቁልቋል በር ዘጋው። ከመተማ በኩል ያለውን ጭልጋ ዘጋው። ሊማሊሞን የሠራው ጣሊያን ራሱ ነው፤ አሁን የራሱን መንገድ በራሱ መድፍ ቆለፈው።

ስለ ወልቀፊት ትንሽ ልቆይ፤ በክረምቱ እዚያ የነበሩት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የተረሱ ይመስለኛልና። ምሽጉ አጠገብ ያለውን ደባርቅን የሚያውቅ ሰው የሐምሌን ብርድ ያውቃል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት የሚነሣው ጉም አንዳንድ ቀን እስከ ማታ አይገፈፍም፤ ሰው አጠገቡ የቆመውን ጓደኛውን በድምፅ ነው የሚለየው። ዝናቡ ያቆመ ሲመስል በረዶ ይወርዳል። ከአርበኛው ጋር የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር የጭነት መኪና በጭቃው እየተያዘ ስንቅ ማድረስ አቃተው። በዚህ መካከል ምሽጉን ከብቦ የሰነበተው የስሜንና የወገራ አርበኛ የለበሰው ባና ነው፤ የጨመረ ቢኖር ጋቢ ነው። እግሩ ባዶ ነው። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው፤ እሱም ሴቶች በሌሊት ተሸክመው ካመጡለት ነው። ባናው ረጥቦ ሲከብድ የሚያደርቅበት እሳት መለኮስ አይችልም፤ ጢስ ካዩ መድፍ ይተኩሳሉ።

ነሐሴ የገበሬው የርሃብ ወር ነው። ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ አልደረሰም። ምሽጉን የከበበው አርበኛ ደግሞ ገበሬ ነው። ማንም ደመወዝ አይከፍለውም፤ ሚስቱ ብቻዋን ታርማለች፤ በሬው ሳይታይ ይሰነብታል። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ከበባ ሲጽፉ የተከበበውን ርሃብ ይቆጥራሉ፤ ይህ ትክክል ነው፤ ወልቀፊት ውስጥ ያሉት ጣሊያኖችም በእርግጥ ተርበዋል። የከበበውም ግን ተርቧል። የእሱን ርሃብ በደብተር የያዘለት አልነበረም። የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ጎኔላ በመስቀል ሰሞን፣ መስከረም 1934 ዓ.ም.፣ ወደ 3,000 ከሚጠጉ ወታደሮቹ ጋር እጁን ሰጠ። በዚያ ዓመት ደመራው በስሜን እንዴት እንደበራ ልባችሁ ያስበው።

እነዚህ ሰዎች ጦርነቱን በዚያ ክረምት አልጀመሩትም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጋት ላይ የደጃዝማች አያሌው ብሩና የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና ላይ የጣሊያንን ታንክ ገጠመ። በጠመንጃና በጎራዴ ነው የገጠመው፤ በታንኩ ላይ እየወጣ፤ አሸነፈም። ከስምንት ቀን በኋላ ተከዜ ላይ የመርዝ በርሜል ከሰማይ ወረደበት። ከዚያ የተረፈው ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ጠመንጃውን ደብቆ ወይም ይዞ ዱር ገባ። አሞራው ውብነህ በአርማጭሆ፣ ቢትወደድ አዳነ መኮንን በምዕራቡ በረሃ፣ ሌሎችም በየአካባቢያቸው አምስቱን ዓመት ተዋጉ። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ የእንግሊዝ መኮንኖች ከሱዳን ተነሥተው አርማጭሆ ሲደርሱ ያገኙት ተዘጋጅቶ የቆየ አርበኛ ነው። እነሱ መጥተው አላስነሡትም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በውጭ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አርበኛውን የሚጠቅሱት የእንግሊዝ ጦር ተከታይ አድርገው ነውና።

ክረምቱ ወጣ። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ ደገኛው የብርዱን ጽናት የሚናገረው ያኔ ነው። አዝመራውም የሚታጨደው ያኔ ነው። የእንግሊዙ የ12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፎክስ ዋናውን ጥቃት በዚህ ወቅት ጀመረ። ገበሬው የደረሰ ገብሱን ለሚስቱና ለልጆቹ ትቶ እንደገና ወደ ጦር ሜዳ ሄደ።

ቁልቋል በርን ለመያዝ ኅዳር 4 የተሞከረው ጥቃት ሳይሳካ ቀረ። አርበኞችና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ወጡ፣ ተመቱ፣ ተመለሱ። ስለዚያ ቀን ማንም ብዙ አይናገርም፤ ሽንፈት ዘፋኝ የለውም። እኔ ግን ኅዳር 12ን ያለ ኅዳር 4 ማሰብ አልችልም። ከጥቂት ቀን በፊት ጓደኛው ሲወድቅ ያየ ሰው፣ ያንኑ ዳገት ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ፣ መትረየሱ የት እንዳለ ያውቃል። ያንን እያወቀ ወጣ። በሚካኤል ዕለት አውሮፕላን ከላይ፣ መድፍ ከታች እየደበደበ፣ እግረኛው በየአቅጣጫው ገብቶ ውጊያው እጅ በእጅ ሆነ። የካራቢኜሪው ሻለቃ አዛዥ ሴራንቲ እዚያው ሞተ፤ ከ2,000 በላይ የጠላት ወታደር ተማረከ። ጣሊያኖቹ በጽናት ተዋግተዋል፤ ይህን መካድ የእኛን ሰዎች ጀግንነት ማሳነስ ይሆናል። ደካማ ጠላት ያሸነፈ ጀግና አይባልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ቀን ነው። ፎክስ ናሲ የጠበቀውን የአምባ ጊዮርጊስን ዋና መንገድ ትቶ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል በተራራው ወጣ። ኅዳር 18 ንጋት ላይ ጥቃቱ ተጀመረ፤ አርበኞች በአዘዞ በኩል ገቡ፤ የኬንያ ብረት ለበስ መኪናዎች ወደ ከተማው ደረሱ። ከቀትር በኋላ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ። ከ20,000 በላይ ሰው ተማረከ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ግዛት የሚባለው ነገር ያበቃው በዚያ ማታ፣ በዚህች ከተማ ነው። ሮም የጀመረችው ግዛት የመጨረሻ ገጹ የተዘጋው በጎንደር መሆኑን ስንቱ ተማሪያችን ያውቃል?

ዓለምም ወዲያው ዞር አለ። በዚያው ኅዳር የጀርመን ጦር ሞስኮ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በሊቢያ በረሃ ስለ ጦብሩክ ታላቅ ውጊያ ይካሄድ ነበር። ጎንደር ነጻ በወጣች በአሥረኛው ቀን ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። ጋዜጦቹ ለጎንደር የሚሰጡት ቦታ አለቀ። በዓለም ታሪክ ውስጥ የእኛ ውጊያ ከእነዚህ ትላልቅ ነገሮች መካከል ወድቆ ጠፋ። ይህ የባዕድ መርሳት ነው፤ ይገባኛል። ራሺያውያን ግን በሞስኮ ብርድ የሞተባቸውን ሰው በየወረዳው የመታሰቢያ መጽሐፍ አዘጋጅተው በስም መዘገቡ፤ ዛሬም ወጣቶቻቸው በየጫካው አፅም እየፈለጉ ይቀብራሉ። የእነሱን ስም ዓለም አልጻፈላቸውም፤ ራሳቸው ጻፉት።

በእኛ አገርም ይህ የሚቻል መሆኑን ኮርያ አሳይቷል። ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፤ እነዚያ ሰዎች በስም ይታወቃሉ፤ በአዲስ አበባም በኮርያዋ ቹንቾንም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቃኘው መደበኛ ጦር ነበር፤ ወታደሩ ስሙን አስመዝግቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ደመወዝ እየፈረመ ነው የሄደው። አርበኛው ግን የትም አልፈረመም። አለቃውን ያውቃል፤ አለቃውም እሱን ያውቃል፤ ሁለቱም ከሞቱ መዝገቡ አለቀ። በዚያ ላይ አንድ ሰው ብዙ ስም አለው። እናቱ ያወጣችለት አንድ ነው፤ የክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ በጦር ሜዳ የፎከረበት የፈረስ ስሙ ደግሞ ሌላ። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ በክርስትና ስሙ ጠሩት፤ አዝማሪው በፈረስ ስሙ አወደሰው፤ ጎረቤት በቤት ስሙ አለቀሰለት። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ የልጅ ልጅ ካልተናገረ፣ ሰውየው ሦስት ጊዜ ይጠፋል።

የቀረ ማስረጃ የለም ማለቴ አይደለም። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞች ሜዳይ ሰጥቷል፤ በሜዳዩ ላይ ያለው ዘንባባ የዱር ዓመታቸውን ይናገራል። ባለ አምስት ዘንባባ ሲባል የሰማ ሰው ትርጉሙን ያውቃል፤ አምስቱን ዓመት ሳያቋርጥ የተዋጋ ማለት ነው። ከሜዳዩ ጋር የተሰጠው ወረቀት በብዙ ቤት፣ በሳጥን ሥር፣ ከርስት ክርክር ወረቀትና ከድሮ ግብር ደረሰኝ ጋር ተጣጥፎ ይገኛል። ራሳቸው አርበኛ የነበሩት ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈው ትተውልናል፤ በዚህች ከተማ አርበኛውን በመድረክ ያሳዩም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ይህንኑ ታሪክ በፊልም ይዞ ሲከራከር ዕድሜውን አሳልፏል። አንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ከሠራ አንድ ከተማ ምን ያህል ይሠራ ነበር!

አሁን ደግሞ ወደማይመቸን ነገር ልግባ። ኅዳር 18 ከተማረኩት ውስጥ ከግማሽ የማያንሰው አፍሪካዊ ነበር። ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ፤ ከዚህም አገር ባንዳ ሆነው የገቡ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ገንዘብ የጎተተው አለ፤ ከጎረቤት ጋር በደም የተፈላለገ አለ፤ ወንድሙ ዱር ሲገባ ቤቱን ለማትረፍ ብሎ የገባም አለ። ብዙዎቹ በመጨረሻው ዓመት ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ አርበኛው ዞረዋል። የውስጥ አርበኛ ሆነው ቀን የጠላትን እህል እየበሉ ሌሊት ጥይት ያሳለፉም ነበሩ። ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ታሪካቸውን ይደብቃሉ፤ በዚያው ሥራቸውን የምናውቅበት መንገድ ይዘጋል። እኔ ባንዳንና አርበኛን አንድ አላደርግም፤ አንድ አይደሉም። አርበኛው የመረጠው ብርዱንና ርሃቡን ነው፤ ይህ ልዩነት ለዘላለም ይኖራል። ነገር ግን በቁልቋል በር ተራራ የተቀበረ ያገሬ ልጅ በየትኛውም በኩል ይሁን የእናቱ ልጅ ነው፤ ስሙ መታወቅ አለበት።

በእኛ ወገን ሆነው የወደቁት እንግዶችም አሉ። የንጉሡ አፍሪካውያን ጠመንጀኞች ይባሉ የነበሩት ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ የመጡ ናቸው፤ ከጎልድ ኮስት፣ ከዛሬዋ ጋና፣ የመጡ መድፈኞችም ነበሩ። በቅኝ ገዥያቸው ትእዛዝ መጥተው እዚህ ሌላ ቅኝ ገዥ ሲባረር አገዙን። ለአፍሪካዊ ወታደር ተገቢው መታሰቢያ ሳይደረግለት መቅረቱ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ የጦር መቃብር ኮሚሽን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ ብዙ አፍሪካውያንና እስያውያን እንደ ነጮቹ እኩል መታሰቢያ ሳያደርግ በመቅረቱ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። መቶ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ጠየቀ፤ ፍለጋውንም ጀመረ። ሥራው ሊጀመር ይችላል ማለት ነው።

ሕዝባችን ቀን መጠበቅ አይችልም የሚለኝ ሰው ካለ ኅዳር 12ን ራሷን አሳየዋለሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲፈጅ ሰው ቆሻሻ እየለቀመ አቃጠለ። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ በየዓመቱ በዚህች ቀን በየመንደሩ ጢስ ይነሣል። ልጆች ትልልቆቹ ሲያቃጥሉ አይተው አቃጠሉ፤ እነሱም ለልጆቻቸው አሳዩ። በዚያችው ቀን፣ ጢሱ ሲነሣ፣ አባት ለልጁ ስለ ቁልቋል በር ሁለት ቃል ቢጨምርለት ምን ይጎድልበታል? ንግሡ ላይ ታቦቱ ሲቆም ካህናቱ የወደቁትን በጸሎት ቢያነሡ፣ ሚካኤል ቅር ይለዋል ብዬ አላስብም።

ሐውልት ይሠራ የሚል ጥያቄ ይዤ አልመጣሁም። ሐውልት ደግ ነው፤ ነገር ግን ስም የሌለው ሐውልት ድንጋይ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ለስሙ ነው፤ ጊዜውም አልፎብናል። በ1934 ዓ.ም. ሃያ ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት አይጠበቅም። እኛ ጋ ያለው የልጁ ትዝታ ነው፤ ልጁም አርጅቷል። በአሥር ዓመት ውስጥ የልጆቹም ዘመን ያልፋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ጥቂቶቹ እንኳ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ አርማጭሆ፣ ወደ ጭልጋ፣ ወደ ሊቦ ወርደው አንድ አንድ ደብር ቢይዙ፣ የአንድ ትውልድ ሥራ በጥቂት ዓመት ይሠራ ነበር። መምህራኑን አደራ የምለው ይህን ነው። የታሪክ መምህር ክፍል ውስጥ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያስተምር ከስታሊንግራድ በፊት ወልቀፊትን ይጥራ፤ ለተማሪው የገዛ አገሩ ተራራ ነውና።

ሴቶቹን በተለይ ፈልጉልኝ። ስንቅ ያመላለሱት፣ ቁስለኛ የደበቁት፣ ጥይት በገንቦ ውስጥ ያሳለፉት ሴቶች በሜዳይ መዝገብ ውስጥ እምብዛም የሉም። አንዳንዷ ባሏ ስለ ወደቀ ብቻ ትጠቀሳለች፤ የእሷ ሥራ ግን ከእሱ የማያንስ ነው። አያታችሁ ስለ እናቷ ያወራችውን አስታውሱ፤ ያወራችው ተረት አልነበረም።

ለእናንተ፣ እዚህ ለተቀመጣችሁት፣ ያለኝ ልመና ይህ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሳጥኑን ክፈቱ። የሜዳይ ወረቀት ካለ አትጣሉት፤ ለብረት ነጋዴም ሜዳዩን አትሽጡ። በአንድ ወረቀት ላይ የሰውየውን የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም ጻፉ፤ የተወለደበትን ደብር፣ ያዘመተውን አለቃ፣ የወደቀበትን ቦታ አክሉበት። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ቤት ውስጥ ካለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እሱ እየነገራችሁ ጻፉ፤ በስልካችሁም ድምፁን ቅረጹ። አንዱን ቅጂ ለደብራችሁ አስተዳዳሪ፣ አንዱን ለትምህርት ቤታችሁ ስጡ፤ አንዱን ለልጃችሁ አስቀምጡ። ኅዳር 12 ከመድረሱ በፊት አድርጉት።